በሁዳዴ የሚጠፉ ውሾች

ቅዳሜ ጠዋት ከሕንፃችን በታች አንድ ፒካፕ ቆሞ በድምፅ ማጉያ መጮኽ ጀመረ። «ቻንጆ ያ ምብዋ! ቡሬ! ምፓካ ሳ ሲታ!» የውሻ ክትባት፣ በነፃ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ማለቱ ነው። ካሳራኒ ላይ በድምፅ ማጉያ የማይጮኽ ነገር የለም። ሰባኪው ይጮኻል፣ የአይጥ መርዝ ሻጩ ይጮኻል፣ የማታቱ ታክሲው ረዳት ያለ ማጉያም ይጮኻል፤ እኔም ጆሮዬን ከደፈንኩ ስንት ዘመኔ። ይኼን ግን ሰማሁት። በረንዳው ላይ ወጥቼ ቁልቁል ሳይ ልጆች ውሾቻቸውን በገመድ፣ በቀበቶ፣ አንዱማ በእናቱ ሻሽ አስረው ተሰልፈዋል። የአልኮሉ ሽታ ከረጠበ ውሻ ሽታ ጋር ተደባልቆ እኔ ድረስ መጣ። አቤት ያ ሽታ! የበረንዳውን ብረት ያዝኩ። ዓመታቱን መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ፣ ሽታው ግን አልተወኝም።

«ሳሮን!» ብዬ ጮኽኩ። «ውረጂና ቦስኮን ያዢው! ቶሎ በይ፣ መኪናው ሳይሄድ!»

ሳሮን የልጄ የምሕረት ልጅ ናት፤ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋን ከስዋሂሊ ጋር እያማታች የምታወራ፣ እኔን አያቷን እንደ ሰፈሩ ልጆች «ሾሾ» የምትል። ቦስኮ ደግሞ የግቢው ውሻ ነው። ጌታው ይኼ ነው የሚባል የለውም። የበር ጠባቂው ኦቲኖ ከቡችላነቱ አሳድጎታል፤ ፎቁ ላይ ያለነው ሦስት የሐበሻ ቤቶች በአጥንትና በፍርፋሪ አኑረነዋል፤ ሳሮን ደግሞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አንገቱን አቅፋ ካልሳመችው አትገባም። ልጅቷ እየሮጠች ወርዳ እየሮጠች ተመለሰች።

«ሾሾ፣ ሃዩፖ! የለም! ኦቲኖ ከትናንት ማታ ጀምሮ አላየሁትም ይላል።»

ሁዳዴ ነው እኮ! በሁዳዴ ከሦስታችን ቤት አንዲት አጥንት አትወጣም። ለዚህ ለዚህ ነው በየዓመቱ ጾሙ ሲገባ እኔ ራሴ ሥጋ ቤት ሄጄ ለቦስኮ አጥንት የማመጣለት። ዘንድሮ ግን ጉልበቴ አልጋ ላይ ጣለኝና ለምሕረት አደራ አልኳት። ኪሊማኒ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ በሥጋ ቤቱ በር ነው ወደ ማታቱ የምታልፈው። «እሺ እማዬ» አለችኝ። እሺ! አሁን ስልክ ደውዬ ስጠይቃት «እማዬ ሙች፣ አፈርኩ» አትለኝም? «በጾም ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሜ የማኅበር ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይሉኛል?» ልቆጣት ፈልጌ ነበር፣ ግን ይኼንኑ ቃል ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁና ስልኩን ዘጋሁት።

ኪሊማኒ ያኔ፣ እኔ ወጣት ሳለሁ፣ እንደ ዛሬው ፎቅ በፎቅ አልነበረችም። ቀይ የሸክላ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች፣ በእሾህ የታጠሩ ሰፋፊ ግቢዎች ነበሩ፤ ጃካራንዳው ሲረግፍ ሐምራዊው አበባ ጫማችን ሥር እየተጨፈለቀ ያንሸራትተን ነበር። እትዬ ዘውዴ ከነዚያ ቤቶች አንዱን ተከራይተው ምግብ ቤት ከፈቱ፤ እኔን ወጥ ቤት፣ ታናሽ ወንድሜን ታደለን አስተናጋጅ አድርገው ቀጠሩን። እሑድ እሑድ የአየር መንገድ ሰዎች ከነዩኒፎርማቸው ይመጣሉ፤ ከላቪንግተን ደግሞ ነጮቹ ልጆቻቸውን ይዘው በእጅ መብላት ሊማሩ ይመጣሉ። ሶዳ በሳንቲም ነበር፣ ማታቱም እንዲሁ፤ ከከተማ ስንመለስ ማታቱ የከፈልንበት መልስ ለማንዳዚ፣ ለነሱ ቦምቦሊኖ፣ ይተርፈን ነበር። ታደለ ያኔ ማን ይችለዋል! ሱሪው ከጉልበቱ በታች የሰፋ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻውን የሚነካ፣ ጎፈሬው ውስጥ ማበጠሪያ የተሰካበት ነበር። ሱሪውን በከሰል ካውያ ሲተኩስ ማንንም አያስጠጋም። ብርጭቆ ሲወለውል ያንጎራጉራል፤ የምግብ ቤቱ ቴፕ ሲቆም የሱ ድምፅ ይቀጥላል፣ ደንበኛውም ልዩነቱን አያውቀውም። እኔ ግን ወጥ ቤት ሆኜ አውቀዋለሁ፣ ቴፑ የማይስቅበት ቦታ ላይ እሱ ይስቅ ነበርና።

የምግብ ቤቱ ውሻ መቻል ይባል ነበር። አንዲት የላቪንግተን ደንበኛችን በቅርጫት አምጥታ የሰጠችን ቡችላ ነው። ስሙን ያወጡለት እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ ባላቸው ጥለዋቸው በሄዱ ሰሞን ስለነበር ስሙ ለማን እንደተላከ ሁላችንም ገብቶናል። እሳቸው «መቻል!» ብለው ሲጣሩ ሰውየው የሄደበት ሞምባሳ ድረስ ይሰማቸው ይመስል ነበር። ውሻው ግን የወንድሜ የታደለ ነበር። ታደለ ሲያንጎራጉር ጅራቱን መሬት ላይ እየመታ ያጅበዋል፤ ሥራ ሲያልቅ ኩሽና በር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና አንዱ ሲጋራውን፣ አንዱ አጥንቱን ይዞ ያመሻሉ።

እትዬ ዘውዴ በጾም ቀልድ አያውቁም። ቅበላ ሲያልቅ ድስቱ፣ ቢላዋው፣ የሥጋ መክተፊያው ግንድ ሳይቀር በፈላ ውኃ ታጥቦ ጓዳ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ተልባ ነው። ጥብስ የሚለምን ደንበኛ «ፋሲካ ሲደርስ ብቅ በል» ተብሎ ይሸኛል። መቻል ደግሞ ሽሮ አልለመደ! ፈትፍተን ስናቀርብለት ያሸትና ቀና ብሎ «ምን በደልኳችሁ?» በሚል ዓይን ያየናል። ሁለት ሦስት ቀን ይታገሣል፣ ከዚያ በእሾሁ አጥር ሥር ሾልኮ ውልቅ! ጥግ ላይ ካለው ሥጋ ቤት ኋላ፣ ጌታ የሌላቸው ውሾች የሚራኮቱበት ቦታ ይውላል። በየሁዳዴው እንዲህ ነበር፣ እኛም እንቀልድበት ነበር። «መቻል ጾሙን ገደፈ» እንል ነበር።

የዚያን ዓመት ሁዳዴ እኩሌታ ላይ አረንጓዴ ላንድሮቨር መጥቶ ከሕንዱ ሱቅ ፊት ለፊት ጃካራንዳው ሥር ቆመ። ወንበርና ጠረጴዛ ዘረጉ። ሰፈሩ ውስጥ ያበደ ውሻ ታይቷል፣ ውሻ ያለው ሁሉ ያስከትብ ተባለ። የላቪንግተን ውሾች በቆዳ ማሰሪያ፣ የሠራተኛ ውሾች በሲባጎ፣ ሁሉም መጣ። ታደለ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ሥጋ ቤቱ ድረስ ሮጦ መቻልን አየው፤ ሲጠራው ግን አልመጣ አለ። አጥንት ላይ ያለ ውሻ ማንን ይሰማል? ተመልሶ መጣና እትዬ ዘውዴን ለመነ።

«እትዬ፣ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ልግዛለት። በሱ አባብዬ ላምጣው፣ ሰዎቹ ሊሄዱ ነው።»

«በሁዳዴ?» አሉ እትዬ ዘውዴ፣ ነጠላቸውን እያጠበቁ። «ሥጋ በእጅህ አንጠልጥለህ በእኔ በር ልታልፍ? ሰው ምን ይለኛል? ከምግብ ቤቱ ጓሮ ሥጋ ይበላሉ ልባል?»

«ለውሻ እኮ ነው!»

«ለማንስ ቢሆን! ከፋሲካ በኋላ ይደርሳል። ደግመው ይመጣሉ፣ ያኔ አጥንቱም ሞልቶ ውሻውም እዚሁ ተጋድሞ ያገኙታል።»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። የእኛ ሰው ለሁሉ ነገር ከፋሲካ በኋላ ይላል፤ ሠርጉንም፣ ዕዳውንም፣ ሐኪም ቤቱንም። ታደለ ተመልሶ ሄደና ባዶ እጁን «መቻል፣ መቻል» እያለ ሲለማመጠው ዋለ። ላንድሮቨሩ በአጠገቡ አልፎ ሄደ።

እና እኔ ዘንድሮ ልቀመጥ? ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ከዘራዬን ይዤ፣ ሳሮንን አስከትዬ ወረድኩ። ወደ ማታቱ ማቆሚያው የሚወስደውን መንገድ በጤናዬ ቀን ዐይኔን ጨፍኜ እሄደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ማለቂያ አጣሁለት። ከኋላዬ ድምፅ ማጉያው «ሳ ሲታ! ሳ ሲታ!» ይላል። በሰዓት አቆጣጠር እንኳ ከኬንያዎቹ ጋር አንድ መሆናችን ያን ቀን አስጠላኝ፣ ስንት እንደቀረኝ ሳላሰላ ገባኝና። ሥጋ ቤቱ ኋላ ስንደርስ አዎ፣ ውሾቹ አሉ። ከሲታ፣ እከካም፣ አንዱ የሚያነክስ። ከመሀላቸው ቦስኮ። ሳሮን «ቦስኮ! ኩጃ! ና!» ብላ ልትሮጥ ስትል ክንዷን ያዝኩት። ጥፍሬ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ኖሮ «ሾሾ፣ አመመኝ!» አለች። ይመምሽ አልኳት። ቦስኮም አየን፣ ጅራቱን አንዴ ነቀነቀና ፊቱን አጥንት ወደሚጣልበት ጉድጓድ አዞረ።

ገባሁና ባለ ሥጋ ቤቱን «ሥጋ ያለበት አጥንት ስጠኝ፣ ትልቅ» አልኩት። በጋዜጣ ሊጠቀልልልኝ ሲል ተውልኝ አልኩት፤ ካልሸተተው ምን ዋጋ አለው? ጥሬውን አጥንት በእጄ አንጠልጥዬ ወጣሁ። ደሙ በጣቶቼ ወርዶ የነጠላዬን ጥለት ነካው። ታዲያ ልክ በዚያች ሰዓት ከቅዳሴ የሚመለሱ ሁለት የማኅበራችን ሴቶች ፊት ለፊቴ ገጠም አይሉም!

«እማማ ሰናይት... ደህና አደሩ?» አለች አንዷ፣ ዓይኗን ከእጄ ላይ ሳትነቅል።

«ደህና ነኝ። አጥንት ነው። ለውሻ ነው። ለሁሉም ንገሪልኝ» አልኳት። ቦስኮ ተከተለኝ። በእጄ ሥጋ፣ በኋላዬ ውሻ፣ በጎኔ የምታለቅስ ልጅ ይዤ፣ ከዘራዬን ለሳሮን ሰጥቼ፣ ያን መንገድ እንዴት እንደተመለስኩት እግዜር ይወቀው።

ያን ዓመት ፋሲካ ጥሩ ፋሲካ ነበር፤ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ። ጓዳ የገባው መክተፊያ ወጣ። ዶሮው፣ በጉ፣ ክትፎው፣ ግቢው በመኪና ተሞላ። ታደለ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ቢጫ፣ ገና ከወረቀቱ የወጣበት እጥፋት ደረቱ ላይ ይታያል። የመጀመሪያውን የበግ አጥንት ለደንበኛ አልሰጠም፤ ሸሸግ አድርጎ ለመቻል ይዞለት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ተጣራ። ብወጣ መቻል ኩሽናው በር ላይ ቆሟል፣ መንጋጋው ወርዷል፣ ለሃጩ እየተዝረበረበ ነው፣ አጥንቱ እግሩ ሥር ወድቋል፣ ያየዋል እንጂ አይበላውም። ሁላችንም አንድ ቃል ነው የተናገርነው። አጥንት ሰንቅሮታል! ሌላ ምን ልንል? ሁዳዴን ሙሉ የጓጓ ውሻ፣ የፋሲካ ቀን፣ ግቢው በአጥንት ተሞልቶ። ተስገብግቦ ነው አሉ እትዬ ዘውዴም። እንግዶቹ እንኳ ከጠረጴዛቸው ተነስተው መጥተው «አጥንት ነው፣ አጥንት ነው፣ ሳይታፈን አውጡለት» አሉ። ታደለ ቢጫ ሸሚዙን እስከ ክርኑ ጠቀለለና እጁን እስከ አንጓው መቻል ጉሮሮ ውስጥ አስገባ። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አይዞህ» እያለ ዳሰሰ፣ ዳሰሰ። ምንም የለም። እጁን ሲያወጣ ጣቶቹ ላይ ጥርሱ ጫር አድርጎታል። በውኃ ለቅለቅ አድርጎ ትሪውን አነሳና ወደ ደንበኞቹ ገባ።

መቻል ሳምንት አልቆየም። የዘይቱን ዛፍ ሥር ቀበርነው፣ አጥንት ገደለው ብለን አለቀስንለት። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ናይሮቢ ቀዘቀዘች፣ ረሳነው። አንድ ቀን ታደለ «እጄን ይነዝረኛል» አለኝ። ትኩሳት ያዘው፣ ብርድ ነው አልነው። ሻይ አፍልቼ ወሰድኩለት። ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋና ጉሮሮው ተቆለፈ፣ ሻዩ ብርድ ልብሱ ላይ ተደፋ። «እታለም፣ ምን ሆኜ ነው?» አለኝ። ውኃ ስሰጠው ተንቀጠቀጠ። በር ተከፍቶ ነፋስ ሲነካው ጮኸ። ሐኪም ቤት ወሰድነው፤ ሐኪሙ ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ውሻ ነክሶሃል?» አለው። «አልነከሰኝም» አለ ታደለ። እውነቱን ነው! አልነከሰውም። እጁን ራሱ ነው የሰጠው። ከዚያ ሐኪሙ እኔን ወደ ኮሪደሩ አወጣኝና የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነ፣ መድኃኒትም እንደሌለው ነገረኝ። ቀድሞ ቢሆን፣ እጁ እንደተጫረ ታጥቦ ቢከተብ፣ ውሻው ቢከተብ፣ ብሎ ጀመረ፤ እኔ ከዚያ በኋላ አልሰማሁትም። ኮሪደሩ አልኮል አልኮል ይሸት ነበር። ወንድሜ ውኃ እየጠማው፣ ውኃ እየፈራ፣ ስሜን እየጠራ ሞተ። እኔን ይድፋኝ! ያን ድምፅ፣ ቴፑ ሲቆም የሚቀጥለውን ድምፅ፣ በዚያ ጩኸት አልቆ ሰማሁት።

በሚቀጥለው ሁዳዴ እትዬ ዘውዴ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ነጭ ነጠላቸውን እንደለበሱ፣ ሥጋ ቤቱ በር ላይ ሰልፍ ቆመው አየኋቸው። አጥንቱን ገዝተው ለሰፈሩ ውሾች ሁሉ በትነው መጡ። ሰው አማቸው። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ድረስ አልተዉም፣ ከሳቸው እኔ ወረስኩት። ያ ግቢ ዛሬ ፎቅ ነው። ምሕረት ቢሮዋ ከሱ አለፍ ብሎ ነው፣ በየቀኑ ታልፍበታለች። ለልጄ የነገርኳት አጎትሽ በበሽታ ሞተ ብዬ ነው። በምን በሽታ እንደሆነ ለመናገር አፌ እሺ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ፒካፑ ጋ ስንደርስ ዕቃቸውን ጭነው እየጨረሱ ነው። ለግላጋ ወጣት ሴት፣ የእንስሳት ሐኪሟ ናት፣ የሳሮንን ለቅሶ አይታ ሳጥኑን መልሳ ከፈተች። ቦስኮ አጥንቱን እየጋጠ ሳለ መርፌውን ወጋችው፣ ዞርም አላለ። ላለቅስ ደርሼ ነበር፣ «ተመስገን» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ሐኪሟ ግን አንገቱን ስትደባብስ እጇ ቆመ። ከጆሮው ሥር ጠጉሩን ገለጠች። የጥርስ ቁስል፣ ጠርዙ መድረቅ የጀመረ።

«ይኼ ከየት መጣ?» አለች በስዋሂሊ።

ማናችንም አናውቅም። የነከሰው የትኛው ውሻ እንደሆነ፣ ጤነኛ ይሁን የታመመ፣ ማን ያውቃል? ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችኝ። ክትባቱ ለሚመጣው ነው፤ ቀድሞ የገባ ነገር ካለ ግን መመለሱን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ይታሰር፣ ለወራት ይጠበቅ፣ ልጆች አይጠጉት። ከዚያ ሳሮንን አየቻትና ጎንበስ ብላ ጠየቀቻት፤ ነክሶሽ ያውቃል? አልነከሰኝም አለች ሳሮን። አልነከሰኝም! ያችው የታደለ ቃል። እኔ ነኝ ቀሚሷን ገለጥ ያደረግኩት። ጉልበቷ ላይ ብስክሌት የጣላት ቁስል አለ፣ ገና ያልደረቀ።

«ይልስሻል?» አልኳት። «ሳሮን፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ይኼን ልሶታል?»

«ትናንት» አለች። «ፖሌ፣ አይዞሽ ሊለኝ ፈልጎ ነው፣ ሾሾ።»

ሐኪሟ ልጅቷን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰዷት አለችና ለቦስኮም ምልክቱን ትነግረኝ ጀመር። «ውኃ ካቃተው፣ መንጋጋው ከወረደ፣ አጥንት የሰነቀረው ከመሰላችሁ፣ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ደውሉልኝ።» እሱን እንኳ ለእኔ አትንገሪኝ ልላት ነበር፣ ሳሮንን ይዤ ወደ ሐኪም ቤት ቸኮልኩ።

ምሕረት ከሥራ ከነቦርሳዋ ሐኪም ቤት መጣች። ሳሮን የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋች፣ ቀሪውንም በቀጠሮዋ እየተወጋች ነው። ቶሎ መጥታችኋል፣ አትፍሩ ይላሉ። እንዴት ነው የማይፈራው? ያን ቀን ማምሻውን ስለ ታደለ ሁሉንም ለምሕረት ነገርኳት፤ ሥጋውን፣ ላንድሮቨሩን፣ ቢጫ ሸሚዙን። በማግሥቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በነጭ ነጠላዋ አጥንት አንጠልጥላ ገባች። ሰው ቢያማትም የምትሰማ አልነበረችም።

ቦስኮን ኦቲኖ ከበሩ ኋላ አጥሮ አስሮታል። ሳሮን ከበረንዳው ሆና ስሙን ትጠራለች፣ ከዚያ አልፋ እንድትጠጋ አልፈቅድላትም። ገና ጎህ ሲቀድ ከዘራዬን ይዤ እወርዳለሁ፣ ውኃውን በረጅም እንጨት ገፋ አድርጌ አቀርብለትና ቆሜ አያለሁ። አጎንብሶ እስኪልሰው ድረስ እኔም አልተነፍስም። ምላሱ ውኃውን ሲመታ ያ ድምፅ፣ ጠብ ጠብ የሚለው፣ ይሰማኛል። ቀና ብዬ በረንዳ ላይ ለቆሙት ለእናትና ለልጅ «ጠጣ!» እላለሁ፣ እነሱም ሲሰሙ ይገባሉ። ፋሲካ እየደረሰ ነው። የበጉን የመጀመሪያ አጥንት የማቀርብለት እኔ ነኝ፤ ሳሮን ከላይ ሆና ታያለች፣ እኔ ከእንጨቱ ወዲህ ቆሜ እሱ አጥንቱን ይጋጥ እንደሆነ እጠብቃለሁ።